ሄሌቦርን በአዲስ አበባ ዳርቻ ማሳደግ፦ በግቢና በመትከያ ዕቃ

ሄሌቦር በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ተራሮች በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ለብዙ ዓመታት የሚኖርና ሌሎች አበቦች በብርድ በሚከስሙበት ወቅት የሚያብብ ዕፅ ነው። ወደ 20 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አበባው ከነጭና ከለጋ አረንጓዴ ጀምሮ በሮዝና በወይን ጠጅ አልፎ ወደ ጥቁር እስከሚጠጋ ቀለም ይደርሳል። ብዙ ዝርያዎች ቅጠላቸውን ዓመቱን ሙሉ ይዘው ስለሚቆዩ አበባ በሌለበት ወቅትም ጥላማ የግቢ ጥግ ባዶ አይሆንም።

ይህ መመሪያ በሱሉልታ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ በቡራዩ፣ በሆለታ መንገድ፣ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ ወይም በአቃቂ አካባቢ ትንሽም ቢሆን ግቢ ያላቸውን ሰዎች በማሰብ የተዘጋጀ ነው። የአካባቢዎቹ ከፍታ ከአቃቂ ወደ 2100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በእንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ አንዱ ዘንድ የሠራው ሌላው ዘንድ ማስተካከያ ሊሻ ይችላል። አንድ ነገር ግን ለሁሉም የጋራ ነው። ይህ አበባ በተፈጠረበት አካባቢ፣ በተለይም በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ብርዱና እርጥበቱ አብረው ይመጣሉ፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ መሬቱ ይደርቃል፣ ዕፁም ያርፋል። በእኛ ዘንድ ብርዱ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ሲሆን ውሃው ሁሉ ተሰብስቦ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ አትክልተኛው የሚያስበው ብዙውን ጊዜ ስለ ብርዱ ማነስ ቢሆንም ሥሩን አበስብሶ የሚገድለው የክረምቱ ውሃ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት እርምጃዎች በሙሉ ሥሩን በክረምት ከውሃ መጠበቅን፣ በበጋ ደግሞ ውሃ አለማሳጣትን መሠረት ያደረጉ ናቸው።

ዝርያውን መምረጥ

በመጽሔትና በካርድ ላይ በብዛት የሚታየው ነጩ ሄሌቦሩስ ኒገር፣ በተለምዶ የገና ጽጌረዳ የሚባለው፣ የአልፕስ ተራሮች ተወላጅ ነው። ቁመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ረዥም ብርድና ኖራማ አፈር የለመደ ስለሆነ ለጀማሪ የምመክረው አይደለም። ከእንጦጦ ትከሻ ላይ ወይም ውርጭ በሚጥልበት የሱሉልታ ሜዳ የሚኖር ሰው ሊሞክረው ይችላል፤ በአቃቂ በኩል ያለ ሰው ግን ከሌላ ቢጀምር ይሻለዋል።

ለእኛ አካባቢ ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው የኮርሲካና የሰርዲኒያ ደሴቶች ተወላጅ የሆነው ሄሌቦሩስ አርጉቲፎሊየስ ነው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ያለው፣ አበባው ለጋ አረንጓዴ ሆኖ በዘለላ የሚወጣ ሲሆን ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከሌሎቹ ይልቅ ፀሐይንና ድርቀትን ይችላል። የማዮርካ ደሴት ተወላጅ የሆነው ሄሌቦሩስ ሊቪደስ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለስላሳ አየር የለመደ፣ ብርማ የደም ሥር ያለበት ቅጠልና ሮዝ የነካው አበባ ያለው ትንሽ ዕፅ ነው፤ ከባድ ውርጭ ስለማይወድ በመትከያ ዕቃ ተተክሎ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ቢቀመጥ ይስማማዋል። ሁለቱ ተዳቅለው የተገኘው ሄሌቦሩስ ስተርኒም የሁለቱን ጠባይ ስለሚጋራ ጥሩ ምርጫ ነው።

ባለ ብዙ ቀለሞቹ፣ የዐቢይ ጾም ጽጌረዳ ተብለው የሚታወቁት ድቅሎች፣ በዋናነት ከሄሌቦሩስ ኦሪየንታሊስ የተገኙ ናቸው። ውበትን የሚፈልግ ሰው ዓይኑ እነሱ ላይ ማረፉ አይቀርም። ጠንካሮችና ረዥም ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን አበባቸው ከብርድ ወቅት ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዝቅተኛውና በሞቃቱ አካባቢ ቅጠላቸው አምሮ አበባቸው ሊያንስ ይችላል። ከ2500 ሜትር በላይ ባለ ግቢ፣ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር በሚተኛበት ጥግ መትከል ይህን ችግር ይቀንሳል። በአውሮፓ ጫካ ዳር የሚበቅለው ሄሌቦሩስ ፌቲደስ ቅጠሉ ሲታሽ ደስ የማይል ሽታ አለው፤ ከዛፍ ሥር ባለ ደረቅ ቦታ ሌላው እምቢ ሲል የሚበቅለው ግን እሱ ነው።

ዘሩን ወይም ችግኙን ማግኘት

በየመንገዱ ዳር ካሉ የአበባ ችግኝ ሻጮች ዘንድ ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ሃይድራንጃና የመሳሰሉት በቀላሉ ሲገኙ ሄሌቦር ግን የተለመደ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዘር ነው። ዘርም ሆነ ሥር ከውጭ ማስገባት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ከማዘዝዎ በፊት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። በሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማምጣት ሕግን መጣስ ብቻ ሳይሆን አፈር ተሸክሞ የመጣ በሽታን ወደ ጎረቤት ማሳ ማስገባት ነው።

ዘር ሲገዙ መጠየቅ ያለብዎት ዋነኛ ጥያቄ መቼ እንደተለቀመ ነው። የሄሌቦር ዘር በአውሮፓ የሚደርሰው በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ሲሆን ትኩስ ሳለ የተዘራ በጥሩ ሁኔታ ይበቅላል። ደርቆ ወራት የቆየ ዘር እንቅልፉ ይጠልቃል፤ ለመብቀልም አንድ ዓመት ተጨማሪ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በሐምሌ የሚደርስ አዲስ ዘር ካገኙ በጥር ከሚደርስ ያደረ ዘር እጥፍ ዋጋ ቢከፍሉበትም አይቆጭም።

ዘሩን ማብቀል

ብዙ ሰው ዘሩ ሞቷል ብሎ የሚጥለው በዚህ ምዕራፍ ላይ ነው። የሄሌቦር ዘር ለመብቀል በመጀመሪያ ለብ ያለ እርጥብ ጊዜ፣ ቀጥሎም ቀዝቃዛ እርጥብ ጊዜ ይፈልጋል። ዘሩ ከእናቱ ሲወድቅ በውስጡ ያለው ሽል ገና ትንሽ ነው፤ በሙቀቱ ጊዜ ያድጋል፣ በብርዱ ጊዜ ደግሞ የመብቀል እገዳው ይነሣለታል። ከሁለቱ አንዱ ከተዘለለ ወይም ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ምንም ነገር አይወጣም።

የደረቀ ዘር ከሆነ በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ከዚያም የታጠበ አሸዋ ወስደው ያርጥቡት፤ ልኩን የሚያውቁት በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ነገር ግን በጣቶችዎ መካከል ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን ነው። ዘሩን ከአሸዋው ጋር ቀላቅለው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስገቡ፤ ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ አየር ይቅር፤ የዝርያውን ስምና ቀኑንም ይጻፉበት። ይህን ከረጢት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሆን ቦታ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ያቆዩታል። በሐምሌና በነሐሴ የዳርቻው ቤቶች ውስጥ ከዚህ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል የፍሪጁ አናት ወይም ኩሽና ውስጥ ያለ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይመረጣል። በየሳምንቱ ከፈት አድርገው ያሽትቱት፤ የሻገተ ዘር ካለ ለይተው ያውጡ፤ አሸዋው ከደረቀ ጥቂት ውሃ ይርጩበት።

በሐምሌ አጋማሽ የጀመሩ ከሆነ ይህ ጊዜ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ያበቃል። ያን ጊዜ ከረጢቱ እንዳለ ከፍሪጁ አናት ወደ ፍሪጁ ውስጥ ይገባል፤ የሚቀመጠውም ወደ 4 ዲግሪ በሚሆነው በታችኛው መደርደሪያ እንጂ በረዶ በሚሠራው ክፍል አይደለም። እዚያ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ ዘሩን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው መድረቁ ነው። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ በየጊዜው ይመልከቱት፤ ከጥቁሩ የዘር ቅርፊት ጫፍ ነጭ ሥር ብቅ ካለ ያ ዘር ብርዱ በቅቶታልና የቀረውን ጊዜ ሳይጠብቁ አውጥተው በአፈር ውስጥ በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይትከሉት።

የተቀሩት በታኅሣሥ ሲወጡ የውጪው አየር ራሱ ይረዳቸዋል፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ለስላሳ ነውና። ሳህን ወይም ጥልቀት ያለው ዕቃ ላይ ዘርተው በጥላ ያስቀምጧቸው። በመጀመሪያ ሁለት እንቁላል ቅርጽ ያላቸው ለስላሳ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ሄሌቦር የማይመስሉት እነዚህ የዘር ቅጠሎች ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው እንደ ጣት የተከፈለና ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ቅጠል እውነተኛው ነው፤ እሱ ሲታይ ችግኙን በዘር ቅጠሉ ይዘው፣ ግንዱን ሳይነኩ፣ ለየብቻው ወደ ትንሽ ዕቃ ያዛውሩት። ግማሹ ተቆርጦ ከሥሩ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ለዚህ ይበቃል፤ ሥሩ ወደታች ስለሚሄድ ከጠፍጣፋ ዕቃ ይልቅ ረዘም ያለው ይሻለዋል።

ከዘር የበቀለ ሄሌቦር ለማበብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ፔቱኒያ ይዝራ።

ቦታውን መወሰን

የአዲስ አበባ አካባቢ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ደግሞ በጥላ ውስጥ ይቆያል። ደረቁና ፀሐዩ የሚያቃጥለው በጋም የሚውለው በዚሁ ጊዜ ነው። ፀሐይዋ ወደ ሰሜን በምታልፍባቸው ወራት ከሰኔ በኋላ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ጉዳቷ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ለሄሌቦር በግቢዎ ውስጥ ያለው ምርጥ ቦታ ከቤቱ በስተሰሜን ያለው መሬት ሲሆን፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኘው ምሥራቃዊው ጎንም ይከተለዋል። ያልተሸፈነው ክፍተት የሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ነው፤ በነዚያ ሳምንታት ሙቀቱም ፀሐይዋም አብረው ይመጣሉና የጥላ መረብ ወይም አሮጌ ነጠላ ከላይ መወጠር ያስፈልጋል።

በዚህ ከፍታ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአውሮፓ ፀሐይ ይልቅ ጠንካራ መሆኗን አይርሱ። በውጭ አገር መመሪያ «በከፊል ፀሐይ ይተከል» የሚለውን ቃል በቃል የተከተለ ሰው በየካቲት ጠርዙ የተቃጠለ ቅጠል ያገኛል።

ከባሕር ዛፍ ሥር አይትከሉ። የባሕር ዛፍ ሥር በበጋ የመሬቱን እርጥበት ጠራርጎ ስለሚወስድና የሚረግፈው ቅጠል ሌሎች ዕፅዋትን ስለሚጎዳ ከሱ ሥር አበባ ማሳደግ ልፋት ብቻ ነው። ወይራ፣ ኮሶ ወይም የፍራፍሬ ዛፍ ካለዎት ግን ከግንዱ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ መትከል ይቻላል።

ሌላው የሚታየው የጣሪያው ጠርዝ ነው። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ የሐምሌን ዝናብ በሙሉ በአንድ መስመር ላይ ያፈሰዋል፤ በረዶም ሲዘንብ ከጣሪያው ተንሸራትቶ እዚያው ይከመራል። ያ መስመር ላይ የተተከለ ሄሌቦር ዕድሜ የለውም። ከመስመሩ ወደ ግድግዳው የገባው መሬት ግን፣ ጣሪያው ሰፊ ክፈፍ ካለው፣ ክረምቱን ሁሉ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ውሃውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

አፈሩን ማዘጋጀት

የዳርቻው አፈር በጥቅሉ ሁለት ነው። በእንጦጦ ግርጌ፣ በቡራዩና በሆለታ በኩል የሚበዛው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ ችግሩ ወደ ጎምዛዛነት ማዘንበሉ ነው። ሄሌቦር ደግሞ የአሲድነት መለኪያው ከ6.5 እስከ 7.5 ያለውን አፈር ይመርጣል። ለዚህ የግብርና ኖራ በአንድ ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ግራም በትኖ ከመትከል አንድ ወር በፊት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይረዳል። ለግንባታ የሚሸጠውን የሚያቃጥል ኖራ አይጠቀሙ። የምድጃ አመድ ካለዎትም ጥቂት እፍኝ መበተን ይቻላል፤ እሱም በስሱ እንጂ በአካፋ አይደለም።

በአቃቂ፣ በለገጣፎ ሜዳና በሱሉልታ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ከባድ ጉዳይ ነው። በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ሥር ይበጥሳል። በዚህ አፈር ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈር መሙላት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ውጤቱ ግን ዙሪያው የታሸገ ኩሬ መሥራት ነው፤ የአካባቢው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ ይሰበሰባል። መፍትሔው ወደ ላይ መውጣት ነው። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከተቻለ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርተው፣ ከታች ያለውን መረሬ በመንሽ ፈታ አድርገው፣ መደቡን ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ይሙሉት። የመደቡ ግርጌ ውሃ የሚወጣበት ክፍተት ይኑረው።

ለመደቡም ለመትከያ ዕቃውም የሚሆነው ድብልቅ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ደግሞ ሬድ አሽ እየተባለ ለግንባታ የሚሸጠው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ከአተር እስከ ባቄላ መጠን እንዲሆን በወንፊት ይነፋ፤ ዱቄቱ ውሃ ስለሚይዝ ይጣል። ብስባሹ የባሕር ዛፍ ቅጠል የበዛበት እንዳይሆን ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። የበግ ወይም የላም ፍግ የሚጨመረው ቢያንስ ስድስት ወር ያደረ፣ ሽታው የጠፋና በእጅ ሲታሽ የሚፈረፈር ከሆነ ብቻ ነው።

በመትከያ ዕቃ ለመትከል

የሄሌቦር ሥር ጥልቅ ስለሚሄድ የዕቃው ጥልቀት ከስፋቱ ይበልጣል ብሎ ማሰብ ይጠቅማል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጥልቀት ያለው ዕቃ ለአንድ ዓመት ቢያቆየው ነው። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ በሚገባ ታጥቦ ሊያገለግል ይችላል። የሸክላ ዕቃ ግን ጎኑ ስለሚተነፍስ በክረምት ይመረጣል፤ በበጋ ደግሞ ቶሎ ይደርቃልና ውሃ ማጠጣቱ ይበዛል። ከታች ጣት የሚያሳልፉ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች ይብሱ፤ ዕቃውንም በሁለት ጡቦች ላይ አንሥተው ያስቀምጡት፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል።

ከታች ድንጋይ መደርደር ውሃ ያሳልፋል የሚለው ልማድ ትክክል አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር የሚያልፈው አፈሩ ሙሉ በሙሉ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያደርቀውም። ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ቁራጭ ሸፍነው ዕቃውን ከታች እስከ ላይ በአንድ ዓይነት ድብልቅ ይሙሉት። ከተከሉ በኋላ አንድ ሊትር ውሃ ያፍሱበትና ይመልከቱ፤ ውሃው ላይ ላይ ሳይተኛ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ከታች መውጣት መጀመር አለበት። ካልሆነ ሬድ አሹን ጨምረው እንደገና ይቀላቅሉ።

መትከል

የመትከያው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ዝናቡ አብቅቷል፣ መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ ሥሩ ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛው አማራጭ የበልግ ዝናብ ሲጀምር ነው፤ ሆኖም ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ ስለሚደርስበት ዕፁ ሳይጠነክር በውሃ ይፈተናል።

ጉድጓዱን ሥሩ ከያዘው አፈር ጋር ካለው ስፋት እጥፍ አድርገው ይቆፍሩ። ወሳኙ ነገር የሥሩ አንገት፣ ማለትም እንቡጦቹ ከሥሩ የሚነሡበት ቦታ፣ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ጠለቅ ብሎ የተተከለ ሄሌቦር ወይ አያብብም ወይ ይበሰብሳል። በኛ አገር ዝናብ አፈር ከጎን አጥቦ ስለሚያመጣ እኔ አንገቱን አንድ ጣት ከፍ አድርጎ መትከልን እመርጣለሁ። በድቅሎቹ መካከል 45 ሴንቲ ሜትር፣ በአርጉቲፎሊየስ መካከል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይተው። ከተተከለ በኋላ በደንብ አጠጥተው ዙሪያውን በደረቀ ሣር ወይም በብስባሽ ያልብሱት፤ አንገቱን ግን አይሸፍኑት።

ውሃና ምግብ

በመትከያ ዕቃ ያለው ሄሌቦር ከጥቅምት እስከ የካቲት በየሦስት ወይም በአራት ቀን ውሃ ይፈልጋል፤ መሬት የያዘው በሳምንት አንድ ጊዜ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ይበቃዋል። ቀን ከመቁጠር ይልቅ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ መክተት ይሻላል፤ እዚያ ድረስ ከደረቀ ያጠጡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶ የተቀዳ ውሃ ምንም ጉዳት የለውም፤ የሳሙና እጣቢ ግን አይሆንም። የሚያጠጡት በጠዋት፣ ከቅጠሉ በታች፣ በአፈሩ ላይ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሰማይ ሥር ያሉት ምንም አይጠጡም፤ በመትከያ ዕቃ ያሉትን ወደ ክፈፉ ሥር ያስገቧቸውና አፈሩ ሊደርቅ ሲል ብቻ ጥቂት ይስጧቸው።

ምግቡ ቀላል ነው፤ በመስከረም መጨረሻና አበባው ሲያልፍ አንዳንድ እፍኝ ያረጀ ፍግ ወይም ብስባሽ በዙሪያው ይበተናል። ዩሪያ ቅጠሉን አለስልሶ ለበሽታና የዕፅ ጭማቂ ለሚመጠው ትንሽ ተባይ፣ ለክሽክሽ፣ ስለሚያጋልጠው ባይሰጠው ይሻላል።

እንቡጡ ሲመጣ

ድቅሎቹና ኒገር ግንድ የላቸውም፤ ቅጠሉም አበባው የሚወጣበት ዘንግም በየራሱ ከመሬት ይነሣል። በኅዳርና በታኅሣሥ አሮጌዎቹን ቅጠሎች ከሥራቸው ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ከአንገቱ ላይ ወፈር ያለ፣ የተጠቀለለ፣ አንዳንዴም ወደ ቀይ የሚያደላ ጫፍ ብቅ ካለ እሱ የአበባ ዘንግ ነው። ያን ጊዜ የዓምናውን ቅጠሎች ከመሬት 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በስለታም መቀስ ይቁረጡ። በዚህ አበባው ብርሃን ያገኛል፣ በአሮጌው ቅጠል ላይ ያለ የፈንገስ ነጠብጣብም ወደ አዲሱ አይተላለፍም። አርጉቲፎሊየስ፣ ሊቪደስና ፌቲደስ ግን ግንድ አላቸው፤ አበባው የሚወጣው ባለፈው ዓመት ባደገው ግንድ አናት ላይ ስለሆነ ከማበቡ በፊት የቆረጠ ሰው አበባውን ቆረጠ ማለት ነው። የነዚህ ግንድ የሚወገደው አበባው ካለፈ በኋላ፣ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ሲታይ ነው።

ውርጭ ባደረበት ጠዋት ዘንጉ ተዝለፍልፎ አበባው መሬት ላይ ተኝቶ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ሙቅ ውሃም አያፍሱበት፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በራሱ ቀና ይላል።

የብዙዎቹ አበባ ወደ ታች ያቀረቅራል፤ ውስጡን ለማየት በጣት ቀና ማድረግ ያስፈልጋል። የአበባ ቅጠል የሚመስሉት አምስቱ ሰፋፊ ክፍሎች እንቡጡን ሸፍነው የነበሩት ናቸው፤ እውነተኞቹ ወደ መካከል ገብተው ክብ ሠርተው የተደረደሩ አረንጓዴ ትንንሽ ቀንዶች ሆነዋል፤ ንብ የምትፈልገው ጣፋጭ ፈሳሽ ያለውም በነሱ ውስጥ ነው። ሽፋኖቹ እንደ ሌላ አበባ በጥቂት ቀናት ስለማይረግፉ አንዱ አበባ ለሳምንታት ይቆያል። ቆርጦ ቤት ውስጥ ለማስቀመጥ የሚሻው በመካከሉ ያለው የዘር ከረጢት ማበጥ የጀመረውን ነው፤ ገና የተከፈተው ወዲያው ይጠወልጋል። አበባውን ብቻ ቀጥፎ በሰፊ ሳህን ውሃ ላይ ማንሳፈፍ ከሁሉ የተሻለ ነው።

መርዛማነቱ

ሄሌቦር ከሥር እስከ ዘር መርዛማ ነው። ልብን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች በውስጡ አሉ፤ ፈሳሹም ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል። ሲቆርጡና ዘር ሲለቅሙ ጓንት ያድርጉ። ለበዓል የተገዛ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ በሚሰነብትባቸው ቀናት ገመዱ እስከ መደቡ እንዳይደርስ ይለኩ፤ የተቆረጠውንም ቅጠል ከብት ከሚበላው ገለባና ሣር ጋር አይቀላቅሉ። በጥንት ዘመን ግሪኮች ለአእምሮ ሕመም ይጠቀሙበት ስለነበር መድኃኒት ነው የሚል ወሬ ይሰማል፤ መጠኑን ትንሽ ያለፈ ሁሉ ይመረዝ ነበርና በቤት ውስጥ ማንም አይሞክረው።

በሽታና ተባይ

በቅጠል ላይ ቡናማ ወደ ጥቁር የሚያደላ ክብ ነጠብጣብ ከታየ የፈንገስ በሽታ ነው፤ በእርጥቡ ወቅት ይበረታል። የተጠቃውን ቅጠል ቆርጠው ያቃጥሉት፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት። ክሽክሽ በእንቡጥና በለጋ ቅጠል ሥር ከታየ ለስላሳ የሳሙና ውሃ ረጭቶ ማጠብ ይበቃል፤ ቸል ሊባል ግን አይገባም፤ በዘርፉ ሰዎች «ጥቁር ሞት» ተብሎ የሚጠራው ቫይረስ ከዕፅ ወደ ዕፅ የሚሻገረው በክሽክሽ ነው ተብሎ ይታመናል። ምልክቱ በደም ሥሩ መስመር የሚሄድ ጥቁር ጭረትና የተኮማተረ አዲስ ቅጠል ነው። መድኃኒት የለውም፤ ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል ብቻ ነው። ቀንድ አውጣን በክረምት ማታ በባትሪ ብርሃን ፈልጎ መልቀም ይቻላል።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ቢጠወልግ ውሃ አይጨምሩ። ከአፈሩ አውጥተው ሥሩን ይመልከቱ፤ ጥቁርና ሙልጭ የሚል ሥር የበሰበሰ ነው። የበሰበሰውን ቆርጠው፣ የተረፈውን በአዲስ ደረቅ ድብልቅ ተክለው ከዝናብ ያስጠልሉት።

ዘር መሰብሰብና ሥር መክፈል

የዘር ከረጢቶቹ አብጠው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲለወጡ ቀጭን የሻሽ ከረጢት ይሰሩላቸው፤ አለበለዚያ በአንድ ከሰዓት ተከፍተው ዘሩን ያፈሱታል። በእያንዳንዱ ጥቁር አንጸባራቂ ዘር ጎን ነጭ ቅባታማ ጉብታ አለ፤ ጉንዳኖች ለሱ ሲሉ ዘሩን ተሸክመው ስለሚሄዱ ከወደቀ በኋላ የሚያገኙት ጥቂት ነው። የለቀሙትን በዚያው ሳምንት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ያስገቡ። ከድቅል የተገኘ ዘር እናቱን መስሎ አይወጣም፤ ቀለሙ ምን እንደሚሆን የሚታወቀው ሲያብብ ነው።

አንድን ቀለም እንዳለ ለማባዛት የሚቻለው ሥር በመክፈል ሲሆን፣ ይህም የሚሠራው ግንድ ለሌላቸው ለድቅሎቹ ነው፤ አርጉቲፎሊየስና ፌቲደስ ከተከፈሉ ይሞታሉ፣ በዘር ብቻ ይራባሉ። ቢያንስ አራት ወይም አምስት ዓመት የሞላውን ትልቅ ዕፅ በመስከረም መጨረሻ በመንሽ ከዙሪያው ፈታ አድርገው ያንሡት፤ አንገቱ እንዲታይ አፈሩን በውሃ ያጥቡት። ከዚያም እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሦስት እንቡጥና በቂ ሥር እንዲኖረው አድርገው በንጹሕ ስለታም ቢላ ይቁረጡ። ትንንሽ ክፋዮች ለማገገም ዓመታት ስለሚፈጁ አንዱን ዕፅ ለስድስት ከመበጣጠስ ለሁለት መክፈል ይበጃል። ሥሩ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ይትከሏቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት አበባ ባይሰጡ የተለመደ ነው።